መጥፎ ፊልም በማይክ እየተረቡ ማየት፣ ኮዬ ላይ ቢሞከር ይሄዳል?

ኮዬ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ያለሁት ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ ቅዳሜ ማታ ያለው ምርጫ ወይ ኳስ ወይ ድራፍት ነው፣ ኳስ ከሌለ ድራፍት ብቻ ይቀራል። ሲኒማ እንግባ ብለህ መሃል ከተማ ብትወጣ ደሞ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ወደ ኮዬ የሚመልስ ታክሲ ፍለጋው ራሱን የቻለ ሁለተኛ ፊልም ነው፣ እሱም አክሽን።

እና እኛ ምን ለመድን መሰላችሁ፣ አንዳችን ቤት ተሰብስበን ሆን ብለን የማይረባ ፊልም እንከፍትና ሙድ እንይዝበታለን። የጭራቁ ልብስ ጀርባው ላይ ዚፑ ፍጥጥ ብሎ የሚታይ አይነት፣ ሰውዬው በጥይት ከተመታ በኋላ መሬቱ እንዳይቆሽሽበት ቦታ መርጦ የሚወድቅ አይነት ማለቴ ነው። አንዱ ጀለሳችን ጭራቁ ዞር ሲል «ዚፕህን ዝጋው ወንድሜ ብርድ ይመታሃል» ካለ በኋላ ፊልሙን ማን ያየዋል፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ነው።

አሁን የመጣልን ሀሳብ ብሎካችን አጠገብ ያለው ኮሙናል ውስጥ ፕሮጀክተር ተከራይተን፣ ሶስት ልጆች ማይክ ይዘው ፊት ተቀምጠው፣ ሰፈሩን ጠርተን ብንሰራውስ የሚል ነው። ግን ቤት ውስጥ የሚያስቀው ነገር ሰው ፊትም ያስቃል ወይ? ቀልዱ አስቀድሞ ይጻፍ ወይስ እዛው እንደመጣ ይሁን? ፊልሙስ የኛ ሀገር ይሁን የፈረንጅ? የሞከራችሁ ወይ የምታውቁ ካላችሁ ወዲህ በሉ።

ሲኒማ_ነፍሴ

ብሮ ይሄ እኮ አሜሪካ ውስጥ ሰው እንጀራ የሚበላበት ሙያ ነው። በፈረንጆቹ 1988 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ትንሽ የአካባቢ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ጆኤል ሆጅሰን የሚባል ኮሜዲያን ሚስትሪ ሳይንስ ቲያትር 3000 የሚል ሾው ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነው፣ አንድ ሰውና ከእቃ ቅራቅንቦ የተሰሩ ሁለት ሮቦቶች የሲኒማ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው፣ አንተ ከኋላ ጥላቸው ብቻ እየታየህ፣ መጥፎ ፊልም ከአንድ እስከ መጨረሻው ያያሉ እየተረቡት። በቃ ይሄው ነው። ቤትህ ብቻህን ሆነህ ብታየው እንኳን ከጓደኛ ጋር የተቀመጥክ ይመስልሃል።

ይጻፍ ወይስ እዛው ይምጣ ላልከው መልሱ እዛው ታሪኩ ውስጥ አለልህ። መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ ላይ ሲሰሩ አብዛኛውን እንደመጣላቸው ነበር የሚናገሩት፣ ያንን የድሮውን አሁን ብታየው መሃል መሃል ላይ ረጅም ዝምታ አለበት፣ አንዳንዱ ቀልድም ሳይደርስ ይቀራል። በኋላ ወደ ኬብል ቴሌቪዥን ሲያድጉ ግን ጸሐፊዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ፊልሙን እያስቆሙ እየመለሱ ስክሪፕት መጻፍ ጀመሩ፣ ዛሬ ሰው የሚያነሳው ያኛውን ነው። ስለዚህ ጻፉት። ቤት ውስጥ የከሸፈ ቀልድ ማንም አያስታውሰውም፣ በማይክ የተባለ የከሸፈ ቀልድ ግን ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያይሃል። እዛው ለሚመጣላችሁም ትንሽ ቦታ ተዉለት፣ መብራት ብልጭ ብሎ ቢመለስ ስክሪፕት አያስፈልግህም።

ከነሱ ውስጥ ማይክ ኔልሰን፣ ኬቨን መርፊና ቢል ኮርቤት በ2006 ሪፍትራክስ የሚል ነገር ጀመሩ፣ እሱ ደሞ ብልጥ ስራ ነው፣ የሆሊውድን ትልልቅ ፊልም መብት መግዛት ስለማይቻል ድምጻቸውን ብቻ ቀድተው ይሸጣሉ፣ አንተ ፊልሙን ከራስህ ዲቪዲ ከፍተህ ድምጹን እኩል ታስነሳዋለህ። ከ2009 ጀምሮ ደሞ መድረክ ላይ በቀጥታ እየሰሩ በሳተላይት አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሲኒማ ቤቶች ያስተላልፉታል። እና ሰው ፊት ይሰራል ወይ ካልከኝ፣ አዎ፣ እንዲያውም ከቤቱ ይበልጣል፣ ሳቅ ሳቅን ይጠራል።

ፊልም ምርጫ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በል። መጥፎ መሆኑን አውቆ ሆን ብሎ የሚያሾፍ ፊልም አይሆንህም፣ ቀልዱን ቀድሞ በልቶብሃል። የሚያስቀው ሰሪው ከልቡ ለፍቶ፣ ድንቅ ስራ ነው ብሎ አምኖ ያወጣው ነው። ማኖስ የሚባለውን የ1966 ፊልም ፈልገህ እየው። የሰራው ሃሮልድ ዋረን የሚባል ቴክሳስ ኤል ፓሶ ከተማ የሚኖር የማዳበሪያ ነጋዴ ነው፣ ሆረር ፊልም መስራት ከባድ አይደለም ብሎ ከአንድ የስክሪፕት ጸሐፊ ጋር ተወራርዶ ነው የገባበት። ካሜራው በእጅ የሚጠመዘዝ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከ32 ሰከንድ በላይ መቅረጽ አይችልም፣ ድምጽ ደሞ ጭራሽ አይቀዳም፣ ስለዚህ የሁሉንም ሰው ድምጽ በኋላ ጥቂት ሰዎች ሆነው ተካፍለው አስገቡት። ምርቃቱ ቀን አንድ ሊሞዚን ተከራይተው ያቺው መኪና አክተሮቹን በቡድን በቡድን እያመላለሰች እንደ ሆሊውድ አስወረደቻቸው፣ ከዛ ፊልሙ ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሃያ ምናምን አመት ማንም ሳያስታውሰው ቆይቶ በ1993 እነ ሚስትሪ ሳይንስ ሲተርቡት ነው አለም ያወቀው።

መጀመሪያው ላይ ቤተሰቡ በመኪና ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል፣ የፊልሙ ስም ዝርዝር እዛ ላይ እንዲያልፍ ታስቦ ሳይገባ የቀረ ነው የሚባለው። እኔ ብሆን እዛ ጋ ዝም ዝም ብዬ ቆይቼ «ወራጅ አለ!» ነው የምለው።

የድሮ_ቪዲዮ_ቤት

ሃሃሃ ወራጅ አለ ገደለኝ

ልጆች ግን አሜሪካ ድረስ ምን አስኬዳችሁ፣ ይሄ እኮ እኛ ያደግንበት ነው። ቡራዩ ነው ያደግኩት፣ ቪዲዮ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፣ በማዳበሪያና በሸራ የተሸፈነ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከፊት ከፍ ብላ የተሰቀለች አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ደሞ በእጅ የተጻፈ «ዛሬ 8 ሰዓት የካራቴ ፊልም፣ 10 ሰዓት የህንድ»። እንግሊዝኛውን የሚሰማ የለም ሂንዲውንማ ተወው፣ ግን ከኋላ ሁሌም አንድ ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ልጅ አለ፣ እሱ ነው የሚተረጉምልህ፣ የማያውቀውን ደሞ ከራሱ ይፈጥረዋል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ «የቤት ኪራይ ጨምሬያለሁ እያለው ነው» ይልሃል፣ ከዛ ሰውዬው ድንገት ሽጉጥ ሲያወጣ ቤቱ በሙሉ «ልክ ነው!» ብሎ ያጨበጭባል።

አክተሩ ደሞ አይሞትም፣ ይሄ ህግ ነው። አክተሩ ሶስት ጥይት በልቶ ከወደቀ እንኳን ማንም አይደነግጥም፣ «ተኝቶ ነው» ይባላል።

የኛ ሰፈር ተረበኛ አንድ ጊዜ የማስታውሰው፣ የህንድ ፊልም ነው፣ እናትየዋ ሆስፒታል ተኝታ ነፍሷ ልትወጣ ነው፣ ልጁ መድሃኒት ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ላይ ልጅቷን አገኛትና ዝናብ ውስጥ ዘፈን ጀመሩ፣ ተራራ ወጡ፣ ልብስ ቀየሩ፣ ተራራ ወረዱ፣ ሌላ ልብስ ቀየሩ። እሱ ዝም ብሎ ቆየ ቆየና ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ቀስ ብሎ «መድሃኒቱስ?» አለ። በቃ። አንድ ቃል ናት ግን ሰው አግዳሚ ላይ መቀመጥ አቃተው። ባለቤቱ ይረብሻል ብሎ ያባርረው ነበር፣ በኋላ ግን እሱ የሌለበት ቀን ሰው «ዛሬ የለም እንዴ» ብሎ በር ላይ ቆም እያለ መሄድ ሲጀምር በነጻ ያስገባው ጀመር።

እና ምክሬ ምንድነው፣ ቶሎ ቶሎ አታውሩ። ስህተቱን ሰውም ያየዋል እኮ፣ አንተ ከሰው ቀድመህ ከጮህክ ለሱ ምን ተረፈው? ሰውየው አይቶ፣ ገርሞት፣ ጎረቤቱን ሊያይ ዞር ሲል ያኔ ጣል ማድረግ ነው። ሶስት ልጆች ማይክ ይዘው እየተሻሙ ካወሩ ግን ከታክሲ ተራ አይለይም።

ስክሪፕት_ያዥ

እኔ ደሞ ትንሽ ላበላሽባችሁ ነው ይቅርታ። የአማርኛ ፊልም ላይ እሰራለሁ፣ ስራዬ ኮንቲኒዩቲ ነው፣ ማለት አክተሯ በቀኝ እጇ ስኒ ይዛ ከነበረ ቀጣዩ ሾት ላይም በቀኝ እንድትይዝ መጠበቅ። እና «የአማርኛ ፊልም ይሁን ወይ» የሚለውን ሳይ ደነገጥኩ።

እናንተ አንድ ሲን ውስጥ የሸሚዙ ቀለም ሲቀየር ትስቃላችሁ፣ ልክ ናችሁ ያስቃል። ከጀርባው ያለውን ግን ልንገራችሁ፣ የምንቀርጽበት ቤት የዘመድ ነው፣ ዘመድየው እስከ 11 ሰዓት ብሎ ፈቅዶ 9 ሰዓት ላይ እንግዳ መጣብኝ ይላል፣ አክተሩ በዛው ሳምንት ሌላ ሁለት ፊልም ላይ አለ፣ ቀሪው ግማሽ ሲን ሌላ ቀን ሲቀረጽ ሸሚዙ ላውንደሪ ቤት ነው። ድምጹ የማይሰማው ደሞ ጎረቤት ሰርግ ስለነበረ ነው። ይሄን ሁሉ የሚሸከመው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን ወይ መኪናውን ሸጦ የገባ ፕሮዲውሰር ነው። ፈረንጁን በ1966 የሰራውን ተረቡት፣ ሰውየውም በህይወት የለም አይሰማም። እዚህ ግን ተዋናይዋ ነገ እዛው ኮዬ ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ ልትቀመጥ ትችላለች።

ደሞ የህግም ጉዳይ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሰው ፊልም ያለፈቃድ ለህዝብ ማሳየትን ይከለክላል፣ ቲኬት ባትሸጡም። ሳሎናችሁና ኮሙናሉ አንድ አይደለም።

ሲኒማ_ነፍሴ

@ስክሪፕት_ያዥ ስለህጉ ልክ ነሽ እህቴ። ለዛም ነው የድሮ የፈረንጅ የሚመረጠው፣ አሜሪካ ውስጥ በዛ ዘመን ፊልሙ ላይ የኮፒራይት ምልክት ካልተጻፈ መብቱ ይጠፋ ነበር፣ ማኖስም ያለምልክት የወጣ ነው። የ1968ቱ የዞምቢ ፊልምም (የጆርጅ ሮሜሮ) የመጨረሻ ሰዓት ላይ ርዕሱ ሲቀየር ምልክቱ አብሮ ወድቆ ቀርቶ ነው የማንም የሆነው። ግን @ኮዬ_ልጅ እሱን እንዳትመርጠው፣ ጥሩ ፊልም ነው፣ ሰው ፊልሙ ውስጥ ይገባና ቀልዳችሁ ይረብሸዋል።

ካምፓላ_ኖሬ

እኔ ዩጋንዳ ለስራ ቆይቼ ነበር፣ እዛ ይሄ ነገር የት እንደደረሰ ብታዩ። ቪጄ ይባላሉ፣ ቪዲዮ ጆከር ማለት ነው፣ ልክ የኛ ቪዲዮ ቤት አይነት አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዞ ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎመ እያሾፈ የሚያስኬድ ሰው። የውጭ ፊልም ሲያዩ ብዙዎቹ «ምን ፊልም ነው» ሳይሆን «ቪጄው ማነው» ብለው ነው የሚጠይቁት።

የሚገርመው ግን ዋካሊጋ የሚባል የካምፓላ ሰፈር ውስጥ አይዛክ ናብዋና የሚባል ሰው የራሱን አክሽን ፊልም ይሰራል፣ ሁ ኪልድ ካፕቴን አሌክስ የሚባለው በ2010 የወጣው ነው የታወቀው፣ ወጪው ከ200 ዶላር አይበልጥም ነው የሚባለው፣ መትረየሱ ከብረት ቁርጥራጭ የተበየደ፣ ካራቲስቶቹ የሰፈር ልጆች። እና ቪጄ ኤሚ የሚባለው ቀልደኛ እዛው ፊልሙ ላይ ድምጹ ገብቶ ነው የወጣው፣ ሰው ሲደበደብ እሱ ይጮሃል፣ ያደናንቃል፣ ያሾፋል። ማለቴ ፊልም ሰሪውና ተራቢው አንድ ወገን ናቸው።

ስለዚህ @ስክሪፕት_ያዥ ያልሽው ገብቶኛል ግን በሩን ጭራሽ አትዝጊው። አንድ የኛ ሀገር ዳይሬክተር ራሱ «ይሄ የመጀመሪያ ስራዬ ነው፣ ኑ አብረን እንሳቅበት» ብሎ አንዱን ማይክ ይዞ ቢቀመጥስ? የሸሚዙን ታሪክ እሱ ቢነግረን ከሶስቱ ልጆች ቀልድ በላይ ያስቃል።

ስክሪፕት_ያዥ

እሱማ ሌላ ነገር ነው። ፈቅዶ፣ ራሱ ተቀምጦ ከሆነ እኔም እመጣለሁ፣ እንዲያውም አንድ የማውቀው ዳይሬክተር አለ የመጀመሪያ ፊልሙን ስናነሳበት ጆሮውን የሚይዝ። እጠይቀዋለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። ከፈቀደ ግን አክተሮቹን በመልካቸው፣ በውፍረታቸው፣ በቋንቋ አነጋገራቸው መንካት የለም። ስራው ላይ ብቻ።

ሚክሰር

ሁሉም ስለቀልዱ ያወራል ስለድምጹ የሚያነሳ የለም። ሳውንድ ነው የምሰራው፣ ሰርግና ስብሰባ። ኮሙናል ማለት ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ነው፣ ድምጽ ያስተጋባል፣ ፊልሙን ጮክ አድርጋችሁ በላዩ ማይክ ከከፈታችሁ ሁለቱም አይሰማም። የፊልሙን ድምጽ በአንድ ቻናል፣ ማይኮቹን በሌላ አስገቡና አንድ ሰው ሚክሰሩ ጋ ተቀምጦ ልጆቹ ሊያወሩ ሲሉ ፊልሙን ዝቅ፣ ሲጨርሱ ከፍ ያድርግ። ያ ሰው ስክሪፕቱ እጁ ላይ መኖር አለበት፣ አለዚያ ሁሌ አንድ ቃል ዘግይቶ ነው የሚያወርደው። ስፒከሩን ከማይኮቹ ፊት አውጡት፣ ከኋላቸው ከሆነ ሙሉ ማታ ሲያፏጭባችሁ ነው የሚያመሸው። መጋረጃ ወይ ምንጣፍ ያላችሁ ግድግዳው ላይ ስቀሉ፣ ይረዳል።

ሌላው፣ ሰው እንግሊዝኛውን ካልሰማ ቀልዱ በምን ላይ ይቆማል? «እንዲህ ብሎ እንዲህ አለ» እያሉ ማብራራት ከጀመሩ ሞተ። ወይ ወሬ የሌለበት፣ በአይን ብቻ የሚገባ ፊልም ይሁን፣ ወይ ደሞ የፊልሙን ድምጽ ጭራሽ ዘግታችሁ ንግግሩን በሙሉ እናንተ በአማርኛ ስሩት። ቃና ከመጣ ጀምሮ የፈረንጅ አፍ ሲንቀሳቀስ አማርኛ መስማት ለምደን የለ፣ ማንም አይደናገርም።

የብሎኩ_እናት

ልጆቼ ሀሳቡ ደስ ይላል። እኔ ግን እዛው ኮሙናል ጎን ምድር ቤት ነኝ። ከ3 ሰዓት ማታ በኋላ ድምጽ ካለ ህጻን አለኝ አይተኛም። የብሎኩን ኮሚቴ አስፈቅዳችኋል ወይ? ባለፈው ኮሙናሉን ለልደት ብለው ወስደው ቁልፉን የመለሱት በስንት ጭቅጭቅ ነው። ደግሞ ቤተሰብ የሚመጣ ከሆነ ብልግና እንዳይኖርበት። ስድብ ሳይኖር ማሳቅ ያቅታችኋል እንዴ?

ኮዬ_ልጅ

እማማ አያስቡ፣ ከኮሚቴው ጋር እሁድ እንነጋገራለን፣ 12 ሰዓት ጀምረን ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት እንጨርሳለን። ስድብ የለም። ቁልፉን ራሴ ፈርሜ እወስዳለሁ።

ሌሎቻችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ማኖስን ትናንት ከልጆቹ ጋር አየነው፣ የእግሩ ጉልበት ብቻውን አንድ ጎረምሳ የሚያህል ሰውዬ አለ ቶርጎ የሚባል፣ የፍየል እግር እንዲኖረው ታስቦ ሱሪው ውስጥ የሆነ ነገር አስገብተውለት ነው አሉ፣ ፊልሙ ላይ ግን ፍየል የሚባል ነገር አይታይም፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ሻንጣ ተሸክሞ በሁለት ደቂቃ አምስት እርምጃ ሲሄድ ነው የሚታየው። እዛች ጋ ብቻ አራት ቀልድ ጽፈን ሶስቱን ጣልናቸው። @የድሮ_ቪዲዮ_ቤት እንዳልከው አንዷን አስቀረን፣ እሱ ሻንጣውን አንስቶ በር ጋ ሲደርስ «ስንተኛ ፎቅ ነው ያላችሁኝ?» የምትለዋን። ሊፍት የሌለው ብሎክ ላይ የሚኖር ሰው ይገባዋል።

እና የ @ሚክሰር ሁለተኛውን ሀሳብ ግማሽ እንወስዳለን፣ ወሬ የሚበዛበት ቦታ ላይ ድምጹን ዘግተን እኛ እናወራዋለን፣ መኪና ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ስለ ኮንዶሚኒየም ቀሪ ክፍያ እንዲጨቃጨቁ አድርገናል። ሶስት የነበረውን ማይክም ሁለት አደረግነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ ፊልሙ መሃል ላይ በጣም ይንዛዛል፣ ቆርጠን እናሳጥረው ወይስ ይቆይ?

ሲኒማ_ነፍሴ

ቁረጡት ግን የመኪናውን መንገድ እንዳትነኩ። ሰው እስኪሰለች መቆየት አለበት፣ ካልሰለቸ ወራጅ አለ ምንም አያስቅም። መሃል ላይ ሴቶቹ ነጭ ልብስ ለብሰው የሚታገሉበት ረጅም ነው፣ እሱን ግማሹን አውጡት፣ ለቤተሰብም አይመችም።

የድሮ_ቪዲዮ_ቤት

ከቡራዩ ኮዬ ማለት ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው ግን እመጣለሁ። ማታ የሚያሳድረኝ ካለ።

ሚክሰር

ገላን ነኝ፣ ቅርብ ነው። ትንሿን ሚክሰርና ሁለት ማይክ ይዤ እመጣለሁ፣ ኪራይ አልጠይቅም ነዳጅ ቻሉኝ። ጄኔሬተር ካላችሁ ግን ከህንፃው ጀርባ ይቀመጥ፣ ረጅም ገመድ አዘጋጁ፣ ፕሮጀክተሩ ደሞ መብራት ሲሄድና ሲመጣ እንዳይቃጠል ስታብላይዘር ላይ ይሰካ። ቀኑን ከኮሚቴው ጋር ስትጨርሱ በውስጥ ጻፍልኝ።